አልነካነውም

ቤት ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከማየቴ በፊት አንብቤዋለሁ። አርባ ምንጭ ቢሮዬ ውስጥ ሻይ ይዤ ቁጭ ብዬ፣ ተራራ ላይ ያለ የሰው ቤት ከቦታው ተነቅሎ ሲጓዝ በኮምፒውተር መስኮት ተከታትያለሁ። ያን ቀን የደነገጥኩትን ያህል በሕይወቴ ደንግጬ አላውቅም። ድንጋጤው ደግሞ በአንዴ መጥቶ አላለፈም፤ አንዱ ሲለቀኝ ሌላው እየያዘኝ ነው የዋልኩት።

መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ ሰላም ነው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን፣ ግድግዳው ድንጋይ በሆነ ቤት ውስጥ ነው። አርባ ምንጭ የመጣሁት ለትምህርት ነበር፤ ኮምፒውተር አጥንቼ ተመረቅሁና ሙቀቱንም ትንኙንም ለምጄ እዚያው ቀረሁ። ሥራ ያገኘሁት የመሬት ናዳ ማስጠንቀቂያ በሚዘረጋ ትንሽ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። ክረምት ሲመጣ የጋሞ ደጋ ተዳፋት ያስፈራል፤ ውሃ የጠገበ መሬት ሳይታሰብ ከሥሩ ይከዳል። እኛ ታዲያ ዶርዜና ጨንቻ አካባቢ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አስቀምጠናል። ያዘነበሉ እንደሆነ ወይም ከቦታቸው የተነሡ እንደሆነ ይነግሩናል። ከተዳፋቱ ሥር ባለው መንደር ደግሞ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሳይረን ሰቅለናል። እሱ ከጮኸ የመንደሩ ሰው የያዘውን ጥሎ ማዶ ወዳለው ጉብታ መሮጥ አለበት። ናዳ ሲመጣ ሌላ መዳኛ የላቸውም።

የእኔ ሥራ እነዚያ ማሽኖች በሕይወት መኖራቸውን በየቀኑ ማረጋገጥ ነው። ይህ የሚሠራው ኤስኤስኤች በሚባል ግንኙነት ነው፤ ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ በቁልፍ ከፍተው ይገባሉ፣ ከዚያ አጠገቡ እንደተቀመጡ ሆነው ያዙታል። ድሮ በየማሽኑ አንድ በአንድ የማንኳኳው እኔው ነበርኩ። በኋላ ቢሯችን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት አስገባ። «ግንኙነቶቹን ፈትሽልኝ» ብቻ ትሉታላችሁ፤ ራሱ ይገባል፣ ያያል፣ ይወጣል፣ ያየውንም አሳምሮ በአማርኛ ይጽፍላችኋል። እኛ «ተላላኪው» ነው የምንለው። ከበድ ያለ ነገር ከማድረጉ በፊት «ልፈጽም?» ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ አካባቢ የጻፈውን ሁሉ እያነበብኩ ነበር «አዎ» የምለው። ሁልጊዜ ልክ ሆኖ ሳገኘው ጊዜ ግን ንባቡ እያጠረ፣ «አዎ»ው እየፈጠነ መጣ። ይህን መሣሪያ የሚጠቀም ሰው የምለውን ያውቀዋል።

ካሉን ማሽኖች ሁሉ የምወደው ጋሽ አያኖ ቤት ያለውን ነበር። ጋሽ አያኖ ዶርዜ ዳገት ላይ፣ ሳይረኑ ካለበት መንደር በላይ የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው። ማሽኑን መጀመሪያ ከጓሯቸው መሬት ውስጥ ቀብረነው ነበር፤ ውሃ እየገባ አስቸገረን። ስለዚህ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ከሆነ ቴክኒሻን ጋር ወጣንና ሳጥኑን አውጥተን ከቤታቸው የቀርቀሃ ግድግዳ ላይ ከውስጥ በኩል ጠፍረን አሰርነው። የፀሐይ ሰሌዳውን ከደጅ በእንጨት አቆምነው። ቤቱ ከተንቀሳቀሰ መሬቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ለእኔ ለድንጋይ ቤት ልጅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አልነበረም። ስንጨርስ ጋሽ አያኖን አደራ አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ሳጥን ማንም እንዳይነካው። እንዳይፈታ፣ ሽቦውም እንዳይነቀል።»

ጋሽ አያኖ አማርኛን የለመዱት ካደጉ በኋላ ነው፤ አንዳንዴ እኔን ወንድ ያደርጉኛል። «አትስጋ ልጄ» አሉኝ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው። «እኔ እያለሁ ማን ይነካል?»

ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ሰነበተና ቅዳሜ ጠዋት ወገግ አለ። ተረኛ እኔ ነበርኩ፤ ቢሮው ውስጥ ከእኔና ከሹፌራችን ከደግፌ በቀር ሰው የለም። በመስኮቱ ሲታይ አባያ ሐይቅ የጭቃ ውሃ ሞልቶት ቀልቷል። ሻዬን ይዤ ተቀመጥኩና ተላላኪውን እንደወትሮው አዘዝኩት።

ጥቂት ቆይቶ መለሰልኝ። ሁሉም ማሽኖች በሩን ከፍተውለታል፣ ግንኙነቱ ደህና ነው። «የአቶ አያኖ ቤት ማሽን ግን ያልተለመደ ነገር እያሳየ ነው» አለ። «በድንገት አዘንብሏል።»

ንፋስ ነው ብዬ «እንደገና እየው» አልኩት።

«አይቻለሁ። ማዘንበሉ እየጨመረ ነው። ማሽኑ ከተቀመጠበት ቦታም ተነሥቷል። አሁንም በመንቀሳቀስ ላይ ነው።»

ሻዩን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። በኋላ ወለሉ ላይ ተደፍቶ አገኘሁት። ግንኙነቱ ክፍት ስለነበር እኔም ራሴ ገብቼ አየሁ። ቁጥሮቹ ዓይኔ እያየ ይለዋወጣሉ። የማውቀው ቤት ነው፤ ቆጮ የበላሁበት፣ ጋሽ አያኖ የሚሸምኑበት ጉድጓድ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የተጫወትኩበት ቤት ነው። እና ይሄዳል። ጋሽ አያኖ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ ማንም አያነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። አለቃዬ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው።

ተላላኪው በዚህ መሀል ረዘም ያለ ነገር ጻፈ። መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ያለው ሁኔታ የመሬት ናዳን ያመለክታል። የታችኛውን መንደር ሳይረን ለማስጮህ ተዘጋጅቻለሁ። ልፈጽም?» ከሥሩ ሌሎች መስመሮችም ነበሩት። አላነበብኳቸውም። ከዚያ ተዳፋት ሥር የሚኖሩት እናቶችና ሕፃናት ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝና «አዎ» አልኩት።

«ሳይረኑ እየጮኸ ነው» አለ።

እስትንፋሴን እንኳ ሳልሰበስብ ሌላ መስመር መጣ። «ከአቶ አያኖ ቤት ማሽን ጋር ያለኝ ግንኙነት ተቋርጧል።»

ወደ ማሽኑ ለመግባት ሞከርኩ፤ መልስ የለም። ደግሜ ሞከርኩ፤ የለም። እንግዲህ ቤቱ ተዋጠ አልኩ በልቤ። ጋሽ አያኖ አፈር ውስጥ ናቸው። ጮኼ ኖሮ ደግፌ በሩን በርግዶ ገባ።

«ምን ሆንሽ?»

«ናዳ! ጋሽ አያኖ ቤት! ደግፌ፣ መኪናውን አስነሳ!»

ደግፌ ተረጋግቶ የሚነዳ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ከአባያ ዳር ያለውን መንገድ ለቅቀን ዳገቱን ስንይዝ ጠመዝማዛውን እንዴት እንደወጣው አላስታውስም። ጉም ገባን፤ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እደውላለሁ። ወደ መንደሩ ስንቃረብ መስኮቱን ከፈትኩና ሳይረኑን ሰማሁት። ስንገጥመው ለሙከራ ሲጮህ ሰምቼው ስቄ ነበር። ያን ቀን ግን ጉም ውስጥ ሆኖ ሲያላዝን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሽማግሌ የተሸከመ ጎረምሳ፣ የላም ገመድ የያዘች ሴት፣ ያልጨረሰውን ጋቢ ከነክሩ የታቀፈ ሸማኔ፤ ሁሉም ወደ ጉብታው ይሮጣል። ማንም ወደ ኋላ አያይም። አንዲት ሴት ብቻ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወደ መንደሩ ትመለሳለች። መኪናችን ሊገጫት ሲል ደግፌ ፍሬን ያዘ።

«ልጄ!» አለች የመኪናውን አፍንጫ በሁለት እጇ እየመታች። «ልጄ ቤት ቀረች!»

ጎትቼ አስገባኋት። ብርቄ ትባላለች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ሳይረኑ ሲጮህ ሕፃኗን አማቷ ያዘቻት መስሏት ሮጠች። አማቷ ደግሞ እናትየው ያዘቻት መስሏት ሮጠች። ጉብታው ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው። ይህን የነገረችን እየተቆራረጠ ነው፤ መሀል መሀሉን «ፍጠን፣ ፍጠን» እያለች ደግፌን ትከሻውን ትደበድባለች። እኔ በመስኮቱ ተዳፋቱን እያየሁ አሁን ወረደ፣ አሁን ወረደ እላለሁ። ሦስታችንንም ሊወስደን ይችላል፤ ግን «እንመለስ» የሚል ቃል ከማንኛችንም አልወጣም።

መኪናው ሳይቆም ብርቄ ዘላ ወረደች። ተከትያት ገባሁ። ሕፃኗ በሩ ሥር ተቀምጣ አንድ ክር የተጠቀለለበት እንጨት አፏ ውስጥ ከትታ እያለቀሰች ነበር። ፊቷ እንባና ጭቃ ብቻ ነው። ብርቄ አንስታ ደረቷ ላይ ለጥፋ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ደግፌ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ።

ያኔ ነው ተዳፋቱን በደንብ ያየሁት። ጉሙ ገለጥ ብሏል። እንሰቱ ቆሟል፣ አጥሩ ቆሟል፣ ሣሩ ለምለም እንደሆነ ነው። የተቆረሰ አፈር አይታይም። እንዴት ነው ነገሩ? ብርቄንና ልጇን ደግፌ ወደ ጉብታው እንዲወስዳቸው ለምኜ እኔ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁ። አትሂጂ ብሎ ጮኸብኝ፤ አልሰማሁትም።

ጋሽ አያኖ ግቢ ስደርስ ቤቱ የለም።

ቃሉን ደግሜ ልበለው፤ ቤቱ የለም። አጥሩ አለ፣ የእንሰት ጓሮው አለ፣ ግቢው ጥግ የተከልነው የዝናብ መለኪያ እንኳ እንደቆመ ነው። ያ የሚያህል ከቀርቀሃ የተሠራ ረጅም ቤት በነበረበት ቦታ ክብ የሆነ ደረቅ አፈር፣ መሀሉ ላይ አመድ ያለበት ምድጃ፣ ጥግ ላይ የሽመናው ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ፍርስራሽ የለም። ስንጥር የለም። ናዳ ቢሆን አፈር ይኖራል፤ እሳት ቢሆን ጥቀርሻ ይኖራል። ሰማይ ወጣ እንዳልል ሰማይ ቤት አይወስድም። አእምሮዬን የሳትኩ መሰለኝ። ክቡ ውስጥ ገብቼ ተንበረከክሁና «ጋሽ አያኖ!» እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

«ኧረ ማነው?» አለ አንድ ድምፅ ከላይ።

ቀና አልኩ። ከግቢው በላይ ባለው የሣር ሜዳ መሀል ቤቱ ቆሟል። ትንሽ ወደ አንድ ጎን ዘምሟል፤ አፍንጫ መሳዩ መግቢያው ወደ እኔ ዞሯል። ደጃፉ ላይ ጋሽ አያኖ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። እጃቸውን አውለበለቡልኝ።

«መጣህ ልጄ? አልነካነውም!» አሉ ጮክ ብለው። «ሳጥኑን ማንም አልነካውም!»

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ደርሼ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። ሳቅና ለቅሶ ተደበላለቀብኝ። እሳቸው ግራ ገብቷቸው ጀርባዬን ይመቱልኛል። ነገሩን ቀስ ብለው ነገሩኝ።

የዶርዜ ቤት ከታች ምስጥ ሲበላው፣ ወይም ባለቤቱ ቦታ መቀየር ሲፈልግ፣ አይፈርስም። የመንደሩ ወንዶች ይጠራሉ፤ ዙሪያውን ይዘው ከመሬት ያነሡታል፤ እየዘፈኑ ተሸክመው አዲሱ ቦታ ላይ ያሳርፉታል። እዚያ የተወለደ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ጋሽ አያኖ ግን የእኔ አደራ አስጨንቋቸዋል። ሳጥኑ ይፈታ? አይፈታም ተብሏል። ሽቦው ይነቀል? አይነቀልም ተብሏል። ስለዚህ ቤቱን ከነሳጥኑ አስነሡት። ሽቦው እንዳይበጠስ ብለው ደግሞ አንድ ሰው የፀሐይ ሰሌዳውን ተሸክሞ ከቤቱ ጎን እኩል እንዲራመድ አደረጉ። እሳቸውም ኮታቸውን ከነስልካቸው አጥር ላይ ሰቅለው ከተሸካሚዎቹ ጋር ገቡ። ያ እኔ አርባ ምንጭ ሆኜ የተከታተልኩት ጉዞ ይህ ነበር።

«ከዚያ ያ ነገር ከታች ጮኸ» አሉኝ። «ልጆቹ ሚስት አላቸው፣ ልጅ አላቸው። ቤቱን እዚሁ አስቀምጠው ሮጡ። ሰሌዳውን የያዘውም ጥሎ ሮጠ፤ ሽቦው ያኔ ነው የተበጠሰው። ይቅር በለኝ።»

ግንኙነቱን የቆረጠው የእኔው ሳይረን ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ መቆረጡን የሞታቸው ማረጋገጫ አድርጌ ወሰድኩት።

«እርስዎስ ጋሼ? ሳይረኑን ሰምተው ለምን አልሮጡም?»

ገርሟቸው አዩኝ። «አደራ ብለሽ የለ? ሳጥኑን ለማን ትቼ ልሂድ?»

ናዳው እውነት ቢሆን ኖሮ እኚህ ሰው የእኔን ሳጥን ሲጠብቁ ይሞቱ ነበር። አጠገባቸው ሣሩ ላይ ዘፍ አልኩና የተላላኪውን መልእክት በስልኬ ከፍቼ ያላነበብኳቸውን መስመሮች ፈለግሁ። ከመጨረሻው በፊት ያለው መስመር እንዲህ ይላል፦ «የማሽኑ ከፍታ ጨምሯል። ይህ ከናዳ ጋር ስለማይጣጣም የመለኪያ ስህተት አድርጌ ወስጄዋለሁ።»

ከፍታው ጨምሯል። ቤቱ ወደ ላይ ነበር የሚሄደው። ወደ ላይ የሚሄድ ናዳ ደግሞ የትም አገር የለም። ተላላኪው እውነቱን አየ፣ ካሰበው ጋር አልገጥም ሲለው ገፋው፤ መግፋቱንም ሳይደብቅ ጻፈልኝ። ማንበብ የእኔ ድርሻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ በሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ በዱቡሻው፣ ሕዝቡ ተቀመጠ። ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ በእርጋታ ጠየቁኝ። «መሬት ሄደ ያለው ማሽኑ ነው ወይስ አንቺ?»

«ማሽኑ ቤቱ መሄዱን ነው የተናገረው» አልኩ። «ጩህ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ አያኖ ተነሡና ጥፋቱ የእሳቸውም እንደሆነ፣ ቤታቸውን ሊያዛውሩ መሆኑን ደውለው መናገር እንደነበረባቸው ተናገሩ። ሳጥኑ ተመልሶ መሬት ውስጥ፣ ውሃ በማያስገባ መያዣ እንዲቀበር ተስማማን። እኔም ከዚያ በኋላ ከላይም ከታችም ሰው ሳልጠይቅ ሳይረኑን እንዳልነካ ቃል ገባሁ፤ ማንም ስልክ ካላነሳ ግን ይጮሃል። ሰዉ መበተን ሲጀምር ብርቄ ሕፃኗን አዝላ ተነሣች። ድምፅዋን ከፍ እንኳ አላደረገችም።

«እኔ ሁለተኛ አልሮጥም» አለች። «ልጄን ጥዬ የሮጥኩት ለቤት ሸክም ነው። ይጩህ፤ አልሮጥም።»

ከናዳው፣ ከባዶው ክብ፣ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ሳይረኑ ለእሷ ነው የተሰቀለው። አንድ ቀን መሬቱ እውነት ሊሄድ ይችላል፤ ያን ቀን ብርቄ ልጇን አዝላ በሯ ላይ ቆማ ታዳምጣለች።

አንባቢዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ «ይህ ከእኔ ሥራ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። እናንተም ግን በየቀኑ «አዎ» የምትሉት ነገር ይኖራችኋል፤ በስልካችሁ፣ በቢሯችሁ። ያ «አዎ» የት ሄዶ እንደሚጮህ፣ ጩኸቱን ሰምቶ የሚሮጠው ማን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላስብም ነበር። ተላላኪውን አላባረርኩትም፤ ዛሬም ግንኙነቶቹን የሚፈትሸው እሱ ነው። አሁን ግን ቸል ያለውን ነገር ነው መጀመሪያ የማነበው። ከዚያ በፊት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጋሽ አያኖ ጋ እደውላለሁ።

«ጋሼ፣ ቤቱ የት ነው?»

«አለች፣ እዚሁ አለች» ይሉኛል እየሳቁ። «ዛሬ የትም አልሄደችም።»

ቀጥዬ ብርቄ ጋ እደውላለሁ። መጀመሪያ አታነሳልኝም ነበር። ከዚያ እያነሳች ዝም ትለኝ ጀመር። አሁን ስለ ልጇ ታወራኛለች፤ መራመድ ጀምራለች፤ የሽመናውን ክር እየበታተነች አስቸግራለች። ይህን የምጽፍላችሁ ክረምቱ በጠናበት ሰሞን ነው። ዛሬ ጠዋት ስደውል ከስልኩ ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

«ብርቄ፣ ደመናው እንዴት ነው?»

«ከብዷል።»

«እኔ ራሴ ደውዬ ውጪ ብልሽ፣ ትሮጫለሽ?»

ልጇን ከደጃፉ ጠርታ ስታስገባ ሰማኋት።

«ስልኩን አነሳዋለሁ» አለችኝ። «ማንሳቱን አነሳዋለሁ።»